ለተናደደ ሰው ቆርኪ አይሸጥም

የካዚኖ ምሽቱን ያዘጋጀነው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነበር። መካነ ሰላም ውስጥ በዚህ ዘመን ጀምበር ከጠለቀች በኋላ ለጨዋታ ብሎ ከቤቱ የሚወጣ ሰው የለም። ስለዚህ ምሽቱን ወደ ቀን አመጣነው፤ ስሙን ግን አልቀየርኩም። እህቴ «የቀን ካዚኖ ቢባልስ ምን ይጎድለዋል?» ብላ ስትጠይቀኝ፣ ነገሩ በዓለም ዙሪያ የሚታወቀው በምሽትነቱ መሆኑን ከነታሪኩ አስረዳኋት። ጨርሼ ቀና ስል ሄዳለች።

ካዚኖው የእኔ ሐሳብ ነበር፤ ችግሩ የእሷ ነው። ታላቅ እህቴ በጤና ጣቢያው አዋላጅ ናት። ከጤና ጣቢያው ጀርባ የእናቶች ማቆያ የሚባል አንድ ረዘም ያለ ቤት አለ። ከከላላ በኩል፣ ከአባይ በረሃ አፋፍ፣ መኪና ከማይደርስባቸው ቀበሌዎች የሚመጡ ነፍሰ ጡሮች ቀናቸው ሲቃረብ እዚያ ተኝተው ምጣቸውን ይጠብቃሉ። የቤቱ ቆርቆሮ ዝጎ ወንፊት ሆኗል። ባለፈው ክረምት አልጋዎቹን ወደ አንድ ጥግ ገፍተው፣ ባልዲ ደርድረው ከረሙ። አንዲት ሴት ፍራሿ ሲርስባት ጊዜ «የእኔ ጎጆ ቢያንስ አያፈስም» ብላ ለማንም ሳትናገር ወጣች። መንገድ ላይ ወለደች። ሕፃኑ አልተረፈም። እህቴ ይህን የነገረችኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ወሬዋ ሁሉ ስለ ቆርቆሮ ሆነ። ዘንድሮ ደግሞ የጤና ጣቢያው ኃላፊ ቁርጡን ነገራት፤ ሰኔ ከመግባቱ በፊት ጣራው ካልተቀየረ ማቆያው ይዘጋል። ከተዘጋ ሴቶቹ አይመጡም። ካልመጡ ምን እንደሚሆን እሷ ታውቀዋለች።

የከተማው ሰው ተሰብስቦ ሲመካከር ሁሉም ያለው አንድ ነገር ነው፦ ቶምቦላ። አንድ ሙክት ይገዛ፣ ትኬት ይሸጥ፣ ዕጣ ይውጣ። ምንም እንከን የማይወጣለት፣ ቀላልና የተለመደ ሐሳብ ነበር። ችግሩ እኔ ስብሰባው ላይ መኖሬ ነው። ሰው ሁሉ የተስማማበትን ነገር ስሰማ ጆሮዬ ውስጥ ትንኝ የገባ ይመስለኛል። ተነሥቼ ቶምቦላ ያረጀና ያፈጀ፣ የሰውን ልግስና የሚያቀጭጭ ዘዴ መሆኑን ተናገርኩ። በሌላው ዓለም ለበጎ አድራጎት ሲባል የካዚኖ ምሽት እንደሚዘጋጅ፣ ሰዎች በውሸት ገንዘብ ሃያ አንድ የሚባለውን የካርታ ጨዋታ እንደሚጫወቱ፣ እየተዝናኑም እንደሚለግሱ አስረዳሁ። ማንም አልተቃወመኝም። በእኛ አገር ሰው የማይቃወምህ ስላሳመንከው ሳይሆን ቶሎ እንድትቀመጥ ብሎ ሊሆን እንደሚችል ዘንግቼው ነበር።

እውነቱን ለመናገር በሕይወቴ አንድም ቀን ቁማር ተጫውቼ አላውቅም። ይህ ግን ስለ ቁማር አፌን ሞልቼ ከመናገር አግዶኝ አያውቅም። ከዓመታት በፊት ስለ ዕድል አንድ መጣጥፍ ልጽፍ ብዬ በጉዳዩ ላይ ያገኘሁትን ሁሉ አንብቤአለሁ። መጣጥፉን ያነበበው ሰው ቁጥር ለመጻፍ ካነበብኳቸው መጻሕፍት ቁጥር የሚያንስ ይመስለኛል። ዕውቀቱ ግን ውስጤ ቀርቶ መውጫ ቀዳዳ ሲፈልግ ኖሮ፣ እነሆ በጣራው ቀዳዳ ወጣ።

ጨዋታው እንዲህ ነው። ባንክ የሚባል አንድ ሰው ካርታ ያድላል። ሌሎቹ ከእሱ ጋር እንጂ እርስ በርሳቸው አይጫወቱም። ለእያንዳንዱ ሁለት ካርታ ይሰጠዋል፤ ጃክ፣ ንግሥትና ንጉሥ አስር አስር ይቆጠራሉ፣ አስ የምትባለዋ ባለ አንድ ነጥብ ካርታ እንደያዛት ሰው ፍላጎት አንድ ወይም አስራ አንድ ናት። ሃያ አንድን ሳያልፍ ወደ ሃያ አንድ ይበልጥ የተጠጋ ያሸንፋል። ተጫዋቹ ያልበቃው እንደሆነ «ጨምር» ይላል፤ ከበቃው «በቃኝ» ይላል። ከሃያ አንድ ካለፈ ተቃጠለ። የባንኩ ብልጫ ያለውም እዚህ ላይ ነው፦ ተጫዋቹ ቀድሞ ይጫወታል፣ ቀድሞም ይቃጠላል። ባንኩ በኋላ ቢቃጠል እንኳ ቀድሞ ለተቃጠለው የሚመለስለት ነገር የለም። የቀረው ሁሉ ጌጥ ነው።

ይህን ብቻ ይዘን ብንጫወትና ተጫዋቹ አዋቂ ቢሆን የባንኩ ብልጫ ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። ለእኔ ጣራ ግን ይህ አልበቃኝም። ሁለት ነገር አጠበቅሁ። አንደኛ፣ ሌላው ዓለም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ካርታዎች ሃያ አንድ ለመጣለት ሰው አንድ ተኩል እጥፍ ይከፍላል፤ እኔ አንድ ለአንድ አደረግኩት። ሁለተኛ፣ ሌላው ዓለም ባንኩና ተጫዋቹ እኩል ከወጡ ሁሉም የየራሱን ያነሣል፤ እኔ እኩል ከሆነ ባንኩ ይብላ አልኩ። በዚህች በሁለተኛዋ ብቻ ብልጫው ብዙ እጥፍ ይዘላል፤ ሁለቱ ተደምረው ከመቶ አስርን ያልፋሉ። ስሌቱን እየደጋገምኩ ስሠራ ሰነበትኩ። ለሰው ልጅ ያበረከትኩት ነገር ቢኖር ይህ እንደሆነ የተሰማኝ ጊዜም ነበር።

ቀጥሎ ፈቃድ ያስፈልግ ነበር፤ የመንግሥትን ማለቴ አይደለም፣ የሽማግሌዎቹን ነው። እህቴ «ቁማር ነው ከተባለ ከሁለቱም ወገን ሰው አይመጣም» ብላ ወደ ሀጂና ወደ አባ ወሰደችኝ። ሁለቱ ጎረቤታሞች ናቸው፤ የከተማው ጠብ ሁሉ እነሱ ደጃፍ ላይ ነው የሚያልቀው። ስለ ብልጫና ስለ ዕድል በሰፊው አስረዳሁ። ሀጂ ሁሉንም በትዕግሥት ሰሙኝ።

«እንግዲህ ቁማር ማለት» አሉ ሀጂ፣ «ሰው የወንድሙን ገንዘብ ልብላ ብሎ መቀመጡ ነው። እናንተ ገንዘቡን በር ላይ ተቀበሉ። የሰጠው ለጣራው የሰጠው ሰደቃ ነው፤ ቢያሸንፍም አይመለስለትም። ከዚያ ወዲያ ቆርኪ ለቆርኪ ብትበላሉ የልጅ ጨዋታ ነው።»

ቆርኪ ያሉት መጫወቻችን እሱ ስለነበረ ነው፤ ከየሆቴሉ የተለቀመ የጠርሙስ ቆርኪ፣ እንዳይጭበረበር ብዬ ጀርባውን ከማስተምርበት ትምህርት ቤት በር በተረፈ ሰማያዊ ቀለም የቀባሁት። አንድ ሰው በር ላይ ሲሰጥ አንድ ብርጭቆ ሙሉ ቆርኪ ይሰፈርለታል።

«ቆርኪው ያለቀበት ሰውስ፣ እንደገና ቢገዛ?» አልኩ። ዋናው ጥያቄዬ ይህ ነበር። ገንዘቡ ከበር ከገባ በኋላ የማይወጣ ከሆነ የባንኩ ብልጫ የሚጠቅመው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሰው ቆርኪው ቶሎ ቶሎ አልቆበት ቶሎ ቶሎ እንዲገዛ።

«ይግዛ፤ ያው ሊሰጥ አይደል» አሉ ሀጂ።

«ቆዩኝማ ሀጂ» አሉ አባ። «ሰውን ቁማርተኛ የሚያደርገው ይኼ ነው። ተበልቶ፣ በግኖ፣ ያጣሁትን ላስመልስ ብሎ ዳግመኛ ኪሱ ሲገባ። ቆርኪ ይሁን ወርቅ ለሰውዬው አንድ ነው።»

ሀጂ ጥቂት አሰቡ። «ልክ ነዎት አባ። እንዲህ ይሁን፤ ደስ ብሎት ከጨመረ ተቀበሉት። ተናዶ ከሆነ አትቀበሉት።»

«መናደዱ በምን ይታወቃል?» ብዬ ሳቅኩ።

ሁለቱም ወደ እህቴ ዞሩ። አባ «ሲስተር አለች አይደል፤ ምጥ የያዛትንና ያልያዛትን ከፊቷ ለይታ የምትመልስ ሴት ይቺ አትጠፋትም» አሉ። እህቴም እሺ አለች። እኔ ውስጥ ውስጡን ተዝናናሁ። ካነበብኩት የካዚኖ ሕግ ሁሉ የገዢውን ስሜት የሚመዝን አንድም አልነበረም። ለይስሙላ የተቀመጠ አንቀጽ ነው ብዬ ተውኩት።

ሁለት ጠረጴዛ አሰናዳን። በአንዱ ባንክ የምሆነው እኔ ነኝ። ለሁለተኛው ማንን እንደምመርጥ ሳስብ እንደ ትልቅ ግኝት የመጣልኝ ሐሳብ እትዬ ነበሩ። እትዬ የከተማችን ስም ያላቸው አሳላፊ ናቸው። ሰርግ ይሁን ተዝካር ወይም መውሊድ፣ የእስላሙንም የክርስቲያኑንም ድግስ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚያስተናግዱ፣ አንድ እንግዳ ሳይደርሰው እንዳይቀር ዓይናቸው ድንኳኑን ሁሉ የሚያዳርስ ሴት ናቸው። ካርታ ማደል ከማሳለፍ በምን ይለያል? እጃቸው ፈጣን ነው፣ ሰው አይረሱም፣ ግርግር አያስደነግጣቸውም። ቤታቸው ሄጄ አሠለጠንኳቸው።

«አስራ ሰባት እስኪሞላልዎ ለራስዎ ያወጣሉ፤ ከዚያ ይቆማሉ» አልኳቸው።

«እንግዳውስ፣ ልጄ?»

«እንግዳው የራሱ ጉዳይ ነው እትዬ።»

«እንግዳ እንዴት አድርጎ የራሱ ጉዳይ ይሆናል?»

«በቃኝ ካለ በቃው ማለት ነው። ወደሚቀጥለው ያልፋሉ።»

እትዬ ትክ ብለው አዩኝ። በልጅነቴ ያሳደጉኝ ሰዎች አሳዝነዋቸው ይመስለኛል። «እሺ» አሉ በመጨረሻ፣ «አንተ ካልክ።»

ቀኑ ደረሰ። የከተማው አዳራሽ ሞላ። እህቴ በሩ አጠገብ ባለ ጠረጴዛ የገንዘብ ሣጥኑንና የቆርኪውን ማዳበሪያ ይዛ ተቀመጠች፤ ሀጂም ከጎኗ አግዳሚ ወንበር ላይ ሆኑ። አባ ክርስትና ተጠርተው ሄደዋል። ሕጉን በትልቅ ወረቀት ጽፌ ግድግዳው ላይ ለጥፌዋለሁ፤ «ባንኩና ተጫዋቹ እኩል ቁጥር ያገኙ እንደሆነ ባንኩ ያሸንፋል» የምትለውን አንቀጽ አስምሬባታለሁ።

ጠረጴዛዬ ላይ ስሌቱ እንደ ሰዓት ሠራ። በል እንቀጥል፣ ተቃጠልክ፣ እኩል ነን፣ ባንክ ይበላል፣ ቀጣይ። የቆርኪ ክምር ከፊቴ እንደ ጉልት ነጋዴ ሽንኩርት አደገ። ተጫዋቾቼ ግን አንድ በአንድ ብርጭቋቸው ሲራቆት ፊታቸውም አብሮ ይጠቁር ጀመር። አንድ የትምህርት ቤት ባልደረባዬ ሃያ ይዞ እኔም ሃያ አውጥቼ ስበላው «እኩል ከሆንን እኩል ነን፤ ይህን ሕፃን ያውቀዋል» አለኝ። ወደ ግድግዳው ጠቆምኩለት። ተነሥቶ ወደ በሩ ሲሄድ በደስታ ተከተልኩት፤ በዓይኔ ማለቴ ነው። ያሰብኩት ሆነ፤ ሁለተኛ ብርጭቆ ሊገዛ ነው። እህቴ ቀና ብላ አየችው፣ አንድ ነገር አለችው፣ እሱም በሩን ከፍቶ ወጣ። ቀጣዩም እንደዚያው። ሦስተኛውም። እህቴ ገንዘባቸውን እየመለሰች ወደ ቤታቸው እየሰደደችብኝ ነበር!

ከአዳራሹ ማዶ ደግሞ ሳቅ ነው። የእትዬ ጠረጴዛ በሰው ተከቧል። ነገሩን ለማጣራት አንገቴን አስግጌ አዳመጥኩ።

«ለርስዎ ልጨምር?»

«ይበቃኛል እትዬ፣ ይስጥልኝ።»

«ኧረ በሞቴ! በዚችማ ምን ይሆናሉ?»

«አይ፣ ወላሂ በቃኝ።»

«እኔ ቆሜ? አንዲት ብቻ፣ አፈር ስሆን!»

ሰውዬው አስራ ዘጠኝ ይዟል፤ የያዘውን ሁሉም ያያል። በአስራ ዘጠኝ ላይ ካርታ መጨመር እብደት ነው። ነገር ግን በእኛ አገር መጀመሪያ የተባለውን በቃኝ የሚሰማ አሳላፊ የለም፤ የመጀመሪያው በቃኝ ጨዋነት ነው፣ ሁለተኛው ትሕትና ነው፣ በሦስተኛው እምቢ ያለ ግን አሳላፊዋን ሰው ፊት አዋርዷል። ሰውዬው ተቀበለ። ንጉሥ መጣለት። ተቃጠለ።

«ውይ! እኔ ልቃጠልልዎ!» አሉ እትዬ ደረታቸውን ይዘው፣ ቆርኪውን ግን በሌላ እጃቸው ጠርገው። «አብሽር፣ አብሽር! ባዶ እጅዎንማ አይቀመጡ፣ ይሂዱ ይስፈሩና ይምጡ፤ ቦታዎን እጠብቅልዎታለሁ።» ጠረጴዛው በሳቅ ፈረሰ፤ የተቃጠለው ሰው ከሁሉም በላይ እየሳቀ ወደ እህቴ ሄደ። እህቴ አየችው። ብርጭቆውን ሞላችለት።

እዚያው ተቀምጬ ስሌቱን ሠራሁት። የእትዬ እንግዶች በአስራ ስምንት ይጨምራሉ፣ በአስራ ዘጠኝ ይጨምራሉ፣ በሃያ ላይ ሁሉ ይጨምራሉ። ባንክ ላይ ተቀምጦ እንዲህ ያለ ብልጫ ያገኘ ሰው በየትኛውም መጽሐፍ አላነበብኩም። እኔ ለስንት ቀን እንቅልፍ አጥቼ ያጠበቅኩትን ሕግ እትዬ በአንዲት በሞቴ በልጠውታል። በዚያ ላይ የእሳቸው ተበዪዎች ደስተኞች ናቸው፤ ስለዚህ ይገዛሉ። የእኔዎቹ ተናደዋል፤ ስለዚህ አይሸጥላቸውም። በሽማግሌዎቹ አንቀጽ ላይ መሳቄ ትዝ አለኝና ሳቁን መልሼ ልውጠው ሞከርኩ።

ትንሽ ቆይቶ ጠረጴዛዬ ላይ አንድ ሰው ብቻ ቀረ፤ የእህል ነጋዴው። የጭነት መኪና ያለው፣ ከአቀስታ እስከ ከላላ ያለ ገበሬ ሁሉ የሚያውቀው ሰው ነው። ለልመና የሄደበትን ሰው ሁሉ በደንብ ያስተናግዳል፤ ሲቀለድበት ግን አይወድም። እሱ በአንድ እጁ የሚያወጣው ገንዘብ አዳራሹን የሞላው ሌላው ሰው ሁሉ ከሚያወጣው ይበልጣልና በአክብሮት ነበር የማጫውተው። አክብሮቴ ግን ካርታው ውስጥ አልገባም። ሃያ ይዞ ሃያ አወጣሁበት። ወዲያው በሁለት ካርታ ሃያ አንድ መጣለት፤ ፈገግ ብሎ እጁን ዘረጋ፣ አንድ ለአንድ ቆጥሬ ሰጠሁት።

«ይኼ ነው?» አለ። «ከዚህ የበለጠ ቁጥር አለ እንዴ?»

«የለም ጋሼ። ግን ሕጉ...»

«ማን ያወጣው ሕግ ነው?»

«ግድግዳው ላይ...»

«ግድግዳ ሕግ አያወጣም። ማን ነው ያወጣው?»

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ።»

በሚቀጥለው ያለውን ቆርኪ ሁሉ ገፍቶ አቀረበ። አስራ ዘጠኝ ይዞ በቃኝ አለ። እኔም አስራ ዘጠኝ ላይ ቆምኩ። የባንክ ነው። ክምሩን ወደ እኔ ስጎትት ጠረጴዛውን በመዳፉ መታውና ቆርኪዎቹ መሬት ለመሬት ተበተኑ። ከኪሱ ወፍራም የታሰረ ብር አውጥቶ ወደ እህቴ ተራመደ። ያ እስር የማቆያውን ጣራ ከነእንጨቱ፣ ከነሚስማሩ፣ ከነአናጺው ይችል እንደነበር ማንም ሳይቆጥረው ያውቃል። እኔም ተነሥቼ ተከተልኩት።

«ስፈሪልኝ» አላት። «የዚህን ሁሉ። ዛሬ እሱን ሳልጨርሰው ከዚህ አልወጣም።»

እህቴ ብሩን አላየችውም፤ እሱን ነው ያየችው። «ጋሼ፣ ተናደዋል» አለችው።

«አልተናደድኩም!» ድምፁ ኮርኒሱን አነቃነቀው።

«ተቀበዪው እንጂ!» አልኳት በሹክሹክታ፣ ጆሮዋ ሥር ገብቼ። «ጣራው ነው፤ ሙሉ ጣራው እኮ ነው! ሰኔ ሊገባ ነው!»

«ስለ ጣራው ከአንተ አልማርም» አለችኝ ድምፅዋን ሳትቀንስ። እጇ የሣጥኑን ክዳን ጭምቅ አድርጎ እንደያዘ አየሁ። መቀበል ፈልጋ ነበር፤ ከማናችንም በላይ ፈልጋ ነበር። ወደ ሀጂ ዞር አለች። ሀጂ አንገታቸውን ቀስ አድርገው በእምቢታ ወዘወዙ። እሷም ክዳኑን ዘጋችው። «ጋሼ፣ ሲረጋጉ ይምጡ። ቆርኪው የትም አይሄድም።»

ነጋዴው ባርኔጣውን አነሣ። ወጥቶ ቢሆን ኖሮ አዳራሹ ግማሹ አብሮት ይወጣ ነበር፤ በማግሥቱም «ጸሐፊው ጋሼን አዋርዶ አባረራቸው» ተብሎ በከተማው ሁሉ ይወራ ነበር፤ ደግሞ ውሸት አይሆንም። ያኔ ነው ከማዶ የእትዬ ድምፅ የተሰማው።

«ጋሼ! ሳይቀማምሱማ አይወጡም! ይምጡ፣ አንድ ወንበር አስለቅቄልዎታለሁ።»

«ቆርኪ አልተሸጠልኝም» አለ በኩርፊያ።

«እርስዎ ቁጭ ብለው ይመልከቱ። የሚጫወተው ሌላ ነው።» ወደ እኔ ጠቆሙ። «አንተ ልጅ፣ ባንክነቱን ተውና ና፤ እስቲ እንደ ሰው ተቀመጥ።»

ከነጋዴው ጎን አስቀመጡኝ። እህቴ አንድ ብርጭቆ ሰፈረችልኝ፤ ከገዛ ኪሴ። እኔ ደግሞ ሆዴ ውስጥ ያለውን ዕውቀት ሁሉ ይዤ ተቀመጥኩ። በመጽሐፉ መሠረት ልጫወት፣ ከእትዬም ልግባባ፣ ለሰዎቹም ትክክለኛው አጨዋወት ምን እንደሆነ ላሳይ ወሰንኩ። እንዲህ ያለው ውሳኔ በዕድሜዬ ሙሉ የት እንዳደረሰኝ ይታወቃል።

አስራ ስምንት መጣልኝ። «በቃኝ» አልኩ።

«በሞቴ።»

«አይ እትዬ፣ በአስራ ስምንት አይጨመርም። ስሌት ነው።»

«በእኔ ቤት በአስራ ስምንት የተነሣ እንግዳ የለም። ሰው ምን ይለኛል?»

«እትዬ፣ ስሌት ነው እያልኩዎት!»

«ይጨምር! ይጨምር!» አለ ጠረጴዛው በሙሉ። አንድ ሽማግሌ ከኋላ «ኧረ ይሉኝታ ይኑርህ!» አሉኝ። ተቀበልኩ። ዘጠኝ። ተቃጠልኩ። ከጎኔ ነጋዴው በአፍንጫው ትንፋሽ አወጣ፤ ሳቅ ግን አልነበረም።

ቀጥሎ አስራ ሰባት፤ በሞቴ፤ ስምንት፤ ተቃጠልኩ። ቀጥሎ አስራ ዘጠኝ። ይህችን ይዤ በእጄ ሸፈንኳት፤ እትዬ እጄን አንሥተው ካርታ አጎረሱኝ ማለት ይቻላል። ንግሥት። ነጋዴው አፉን በባርኔጣው ሸፈነ።

መጨረሻ ላይ የቀረኝን ቆርኪ ሁሉ አቀረብኩ። ንጉሥና ጃክ መጡልኝ፤ ሃያ። እግዚአብሔር ለስሌት ያዘነ መሰለኝ። «እትዬ» አልኩ፣ «በሃያ ላይ የሚጨምር ሰው በዓለም ላይ የለም። እንኳን በሞቴ ቢሉኝ ቢያለቅሱም አልጨምርም።»

«አላለቅስም» አሉ በእርጋታ። «ግን ይቺን ካልተቀበልክ ልጅህ ሲያገባ እኔን እንዳትጠራኝ።»

አዳራሹ ኡኡታ ሆነ። ከእትዬ ውጭ የተደገሰ ሰርግ በዚህ ከተማ የለም። ዓይኔን ጨፍኜ እጄን ዘረጋሁ። ስገልጠው አስ ናት። ሃያ አንድ! ተነሥቼ ቆምኩ፤ ሁለት እጄን ወደ ላይ እንደ ዘረጋሁም ኋላ ነግረውኛል። ሰው አጨበጨበ። እትዬም «እልል! ይኸው፣ የሰው ቃል መስማት ጥሩ ነው!» እያሉ የራሳቸውን ካርታ ገለጡ። ሰባት፣ አራት። አንድ ጨመሩ። አስር።

ሃያ አንድ። እኩል።

ለአፍታ ማንም አልገባውም። ከዚያ ነጋዴው ቀስ ብሎ አንገቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፣ ያሰመርኩባትን መስመር አገኘ፣ ተመልሶም እኔን አየ።

«ማን ያወጣው ሕግ ነው?» አለኝ።

መልሴን ሳይጠብቅ ሳቁ ከሆዱ ፈንድቶ ወንበሩ ወደ ኋላ ተንጋለለ። ይህን ሰው ሲስቅ አይቶት የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም፤ እንባው እየወረደ፣ ጉልበቱን እየመታ፣ «ግድግዳው! ግድግዳው በላው!» እያለ ሳቀ። እትዬ ቆርኪዬን በሁለት እጃቸው ጠርገው ወሰዱ። «አብሽር ልጄ» አሉኝ።

ነጋዴው ዓይኑን እየጠረገ ወደ በሩ ሄደ። እህቴ ፊቱን ከግንባሩ እስከ አገጩ አጠናችው፤ ከዚያ ሣጥኑን ከፈተች። እሱም እስሩን አውጥቶ ፈታውና ግማሹን እንኳ የማይሞላ ቆጥሮ ሰጣት።

«ጋሼ፣ ቅድም ሁሉንም ነበርኮ...» አልኩ ሳላስበው።

«ቅድም ተናድጄ ነበር» አለኝ። «ያኔ መቀበል ነበረባችሁ።» የተደሰተ ሰው ሒሳብ ያውቃል።

ሁሉ ተደማምሮ የጣራውን ግማሽ ቻለ። እህቴ ግማሹን አስቀይራ ኃላፊውን እጁን ይዛ ወስዳ አሳየችው፤ አልጋ ሁሉ ከአዲሱ ቆርቆሮ ሥር ከሆነ ማቆያው እንዳይዘጋ ተስማማ። አናጺው ሚስማር የሚያቀብለው ሰው ሲፈልግ እኔ ሄድኩ። መሰላሉ ሦስተኛ እርከን ላይ ስደርስ ራሴን አዞረኝና መሬት ላይ ሆኜ ብወረውርለት እንደሚሻል ተግባባን።

ሰኔ ገብቶ ዝናቡ ሲጠነክር አንድ ከሰዓት በኋላ ጃንጥላ ይዤ ወደ ማቆያው ሄድኩ። እህቴ ከበሩ አላሳለፈችኝም፤ ወንድ አይገባም። ከትከሻዋ በላይ አሻግሬ አየሁ። አልጋዎቹ በአንድ ወገን ተጠጋግተዋል፤ ያልተለወጠው ወገን ባልዲዎች ተደርድረውበታል። ሴቶቹ ከአልጋዎቹ ይበልጣሉ፤ ሁለቱ ወለል ላይ በተነጠፈ ፍራሽ ላይ ናቸው።

አንዲት ሴት፣ ከአባይ በኩል እንደመጣች አነጋገሯ የሚናገር፣ አልጋዋ ላይ ቀና ብላ አየችኝ። «ሲስተር፣ ግድግዳው የበላው ሰውዬ ይኼ ነው?»

«ነው» አለች እህቴ።

ሁሉም ሆዳቸውን ደግፈው ሳቁ። እህቴ ወደ እኔ ዞራ «አታስቃቸው፣ አንዷ ዛሬ ነገ ናት» ብላ ተቆጣችኝ፤ እኔ ቃል አልተነፈስኩም።

«የቀረው ግማሽስ?» አልኳት።

«ለመስከረም ጋሼ አለሁ ብለዋል። አንተ የምትቀመጥ ከሆነ።»

«ባንክ ሆኜ?»

«ተጫዋች ሆነህ። ከእትዬ ጋር።»

እንግዳው በቃኝ ባለበት ቢጸና ባንኩን እንዴት እንደሚጎዳው፣ በሚቀጥለው ዙር ምን ብናሻሽል እንደሚሻል ማስረዳት ጀመርኩ። ከውስጥ አንዷ «ሲስተር!» ብላ ተጣራች፤ ድምፁ የጨዋታ አልነበረም። እህቴ በሩን ገርበብ አድርጋ ገባች። ገርበብ ባለው በር በኩል የሚቀርበኝ ባልዲ ሞልቶ ሊፈስ ደርሶ ነበር። እጄን ሰድጄ ሳብኩት፣ ደጅ ደፋሁት፣ ያለበት ቦታ መልሼ አስቀመጥኩት። ጠብታው ካርታ እንደሚያድል ሰው ሳይቸኩል ወረደበት። ቆሜ ቀጣዩ እስኪሞላ ጠበቅሁ።